«የራስን ዕድል በራስ መወሰን»፦ የአንድ ቃል ጉዞና ትርጉሙ

መግቢያ

በተማሪው እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ ብዙ ቀለም ከፈሰሰባቸው፣ ጉባኤ ካስበተኑ፣ ጓደኛን ከጓደኛ ካለያዩና በመጨረሻም ለብዙ ደም መፍሰስ ምክንያት ከሆኑ አባባሎች መካከል «የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት» የሚለውን የሚስተካከል ያለ አይመስለንም። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ቃሉን እንደ መፈክር ይዞት ይዞራል። ደጋፊው ቃሉን በማንሣቱ ብቻ ጥያቄው የተመለሰ ይመስለዋል። ተቃዋሚው ደግሞ ቃሉን በማውገዙ ብቻ ጥያቄው የጠፋ ይመስለዋል። ቃሉ ከየት ተነሣ? በየትኞቹ ቋንቋዎች አልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ? በየመንገዱስ ምን ጨመረ፣ ምንስ ጣለ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው። ታሪክን የሚሠራው ሕዝብ እንጂ ቃል እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንድ የፖለቲካ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ትርጉሙ የሚጠበው ወይም የሚሰፋው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጥቅምና የኃይል ሚዛን በትርጉሙ ላይ አሻራውን ይተዋል። የእኛ ትውልድ ደግሞ ይህን ቃል በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በአማርኛ ተከራክሮበት፣ በየብሔረሰቡ ቋንቋ የታገለበት ትውልድ ልጅ ስለሆነ ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ ናቸው ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከሰው ፈቃድ ወደ ሕዝብ ፈቃድ

«ሴልፍ-ዲተርሚኔሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲታይ ከመንግሥትም ከብሔርም ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የሃይማኖት ሊቃውንትና የፈላስፎች ቃል ነበር። ጥያቄው ይህ ነበር፦ የሰው ፈቃድ ራሱን በራሱ ይመራል ወይስ ከእርሱ ውጭ በሆነ ምክንያት ይመራል? አሜሪካዊው ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስ በ1754 ስለ ፈቃድ ነጻነት ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው በዚሁ ላይ ነው፤ ፈቃድ ራሱን በራሱ የመወሰን ኃይል የለውም ባይ ነበር።

በጀርመን አገር ካንትና ከእርሱ በኋላ የመጣው ፊሽተ ሐሳቡን ከሃይማኖት ክርክር አውጥተው የነጻ ሰው መሠረት አደረጉት። የጀርመንኛው ቃል «ዜልብስትበሽቲሙንግ» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። «በሽቲሙንግ» በጀርመንኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ሰው የተፈጠረበት ዓላማ፣ የተመደበለት ዕጣ ማለት ነው። ፊሽተ በ1800 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ይህንኑ ቃል የያዘ ሲሆን የሚናገረውም ስለ ሰው ልጅ ዕጣና ተግባር ነው። እንግሊዝኛው የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ ይዞ ሁለተኛውን አጥቷል። አማርኛው «ዕድል» ብሎ የጨመረው ነገር እንግዲህ በእንግሊዝኛው ውስጥ ባይገኝም በጀርመንኛው ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ይቻላል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ከግለሰብ ወደ ሕዝብ ተሻገረ። በ1848 አውሮፓ በሕዝባዊ አመፅ ስትናጥ ጀርመኖች፣ ኢጣሊያኖች፣ ሀንጋሪያኖችና ፖላንዶች እያንዳንዱ ሕዝብ እንደ አንድ ነጻ ሰው ፈቃዱን ራሱ ይምራ ማለት ጀመሩ። ይህ መሻገር ትልቅ እመርታ ነበር፤ ትልቅ ችግርም ይዞ መጣ። ሰው አንድ ፈቃድ አለው ቢባል ያስኬዳል። ሕዝብ ግን አንድ ሰው አይደለም። በውስጡ ባለ መሬትና ጭሰኛ፣ ከበርቴና ወዛደር፣ ብዙኃንና ንዑሳን አሉበት። ታዲያ «ራስ» ሲባል ማንን ነው? ይህ ጥያቄ ቃሉ ከፍልስፍና ወደ ፖለቲካ በተሻገረበት ዕለት የተወለደ ሲሆን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

2. የሎንዶኑ ጉባኤና የተርጓሚው ብዕር

በ1896 በሎንዶን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሶሻሊስቶች ጉባኤ ስለ ብሔሮች መብት ውሳኔ አሳለፈ። የውሳኔው የጀርመንኛ ቅጂ ብሔሮች ሁሉ ራሳቸውን በራሳቸው የመወሰን ሙሉ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ግን ይህን መብት «ሙሉ ኦቶኖሚ» ብሎ ተረጎመው። ጉባኤው አንድ ነው፣ ዕለቱ አንድ ነው፣ ውሳኔውም አንድ ነው። ጀርመንኛውን ያነበበ ሶሻሊስት ብሔሮች የራሳቸውን መንግሥት እስከ ማቆም የሚደርስ መብት አላቸው ብሎ ሄደ። እንግሊዝኛውን ያነበበው ደግሞ በአንድ መንግሥት ውስጥ ራስን ማስተዳደር ማለት ነው ብሎ ሄደ።

ስሕተቱ በእንግሊዝኛ ብቻ አልቀረም። የዓለም አቀፍ ጉባኤዎችን ውሳኔ ሰብስቦ የወጣ አንድ የሩስያኛ ጽሑፍም ቃሉን «ኦቶኖሚ» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ሌኒን በ1914 ስለዚሁ መብት በጻፈው ጽሑፍ ከሮዛ ሉክሰምቡርግ ጋር ሲከራከር ይህን የትርጉም ስሕተት ነቅሶ አሳይቷል። ለምን? ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሩስያ ሶሻል ዴሞክራቶች በ1903 ባጸደቁት ፕሮግራም 9ኛ አንቀጽ ላይ ይህን መብት አስፍረው ነበር። አንቀጹ ራስን ማስተዳደር ማለት ነው ከተባለ የጻሩ ግዛት እንደነበረ ይቆያል፤ መለየትን ይጨምራል ከተባለ ግን ፖላንድና ፊንላንድ የመሄድ መብት አላቸው። አንድ ቃል በተርጓሚ ብዕር ሲለወጥ የአንድ ግዛት ካርታ ይለወጣል ማለት ነው።

ይህን የሎንዶን ታሪክ አንባቢ እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን። ከሰማንያ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ተመልሰን እናገኘዋለን።

3. አንድ ቃል ለሁለት ጌታ

በኅዳር 1917 የቦልሼቪኮች መንግሥት የሩስያን ሕዝቦች መብት የሚመለከት አዋጅ አወጣ። ሌኒንና ስታሊን የፈረሙበት ይህ አዋጅ «ሳሞኦፕሬዴሌኒዬ» ለሚለው ቃል አንድ ሐረግ ቀጠለለት፤ መብቱ እስከ መለየትና ነጻ መንግሥት እስከ ማቆም እንደሚደርስ ደነገገ። የሎንዶኑ ዓይነት ስሕተት እንዳይደገም የታሰበ የመሰለው ይህ «እስከ» ነው በኋላ ወደ እኛ የመጣው። አዋጁ ሥራ ላይ ሲውል የታየው ግን የተለያየ ነው። የፊንላንድ ነጻነት በዚያው ዓመት መጨረሻ ታወቀ። ጆርጂያ ግን በ1920 ነጻነቷ በውል ከታወቀላት በኋላ በ1921 በቀይ ጦር ተያዘች።

በዚያኛው ወገን የአሜሪካው ፕሬዚደንት ዊልሰን ነበር። ብዙ ሰው ቃሉ በዊልሰን 14 ነጥቦች ውስጥ ያለ ይመስለዋል። በጥር 1918 በታወጁት በ14ቱ ነጥቦች ውስጥ ግን ቃሉ የለም። ዊልሰን ቃሉን በይፋ ያነሣው ከአንድ ወር በኋላ በየካቲት 1918 ባደረገው ንግግር ነው። ከዚያ በፊት ይናገር የነበረው ሕዝብ በፈቃዱ ስለመተዳደሩ ነበር። ስለዚህ ቦልሼቪኮች ያስተዋወቁትን ቃል ሲወስድ በውስጡ ያኖረው የቀድሞውን የራሱን ሐሳብ ነው፤ ማለትም ራስን በራስ ማስተዳደርን። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላንሲንግ ግን አደጋው ገብቶት ነበር። በታኅሣሥ 1918 በማስታወሻው ላይ ቃሉ ድማሚት የተጫነበት መሆኑን ጽፎ፣ ሊፈጸሙ የማይችሉ ተስፋዎችን እንደሚቀሰቅስ ተንብዮአል።

ትንቢቱ ለመድረስ አልዘገየም። በመጋቢት 1919 ኮሪያውያን በጃፓን አገዛዝ ላይ ተነሡ። በዚያው ወር እንግሊዞች ሳዓድ ዛግሉልን ወደ ማልታ ባጋዙት ጊዜ ግብፅ በአብዮት ተቀጣጠለች። በኋላ ሆ ቺ ሚን ተብሎ የታወቀው ወጣት ከጓደኞቹ ጋር የቬትናምን ሕዝብ አቤቱታ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ አቀረበ። ለሁሉም የተሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ ቃሉ ለአውሮፓ እንጂ ለእናንተ አይደለም የሚል ነበር። በ1919 የተጻፈው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳንም ቃሉን አላነሣውም። ኢምፔሪያሊዝም ለገዛ ጠላቶቹ ግዛቶች፣ ለኦስትሪያና ለቱርክ፣ የፈቀደውን መብት ለራሱ ቅኝ ግዛቶች ሲሆን ከለከለ።

4. «መርሕ» ወይስ «መብት»?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1945 በሳን ፍራንሲስኮ የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ቃሉን በመጀመሪያው አንቀጽ አሰፈረው። ቻርተሩ በተጻፈባቸው አምስት ቋንቋዎች፣ በቻይንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩስያኛ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ፣ እኩል ሕጋዊ ኃይል አለው። ቅጂዎቹ ግን አንድ ነገር አይናገሩም። እንግሊዝኛው ስለ ሕዝቦች እኩል መብትና ራስን በራስ መወሰን «መርሕ» ይናገራል። ፈረንሳይኛው ደግሞ ሕዝቦች ራሳቸውን በራሳቸው የማዘዝ «መብት» አላቸው ይላል። ስፓኒሹ «ሊብረ ዴተርሚናሲዮን»፣ ማለትም ነጻ ውሳኔ ብሎ፣ «ራስ» የሚለውን ትቶ «ነጻ» የሚለውን ተካ።

መርሕ መንግሥታት የሚመሩበት ሐሳብ ነው፤ መብት ግን ባለቤቱ ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው። ለቅኝ ገዢዎች «መርሕ» የሚለው ይስማማቸው ነበር። ይህን ክፍተት የዘጋው ሰዋስው አይደለም፤ የእስያና የአፍሪካ ሕዝቦች ትግል ነው። በታኅሣሥ 1960 ጠቅላላ ጉባኤው በቁጥር 1514 ባሳለፈው ውሳኔ ሕዝቦች ሁሉ ይህ «መብት» እንዳላቸው ታወጀ። 89 አገሮች ደገፉ፤ የተቃወመ አልነበረም፤ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ፖርቱጋልንና አሜሪካን ጨምሮ 9 አገሮች ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። በ1966 የጸደቁት ሁለቱ የሰብአዊ መብት ቃል ኪዳኖችም የመጀመሪያ አንቀጻቸው ይኸው ሆነ።

ነገር ግን የ1514ቱ ውሳኔ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እጁ ያዘ። ስድስተኛው አንቀጽ የአንድን አገር አንድነትና የግዛት ሉዓላዊነት ማፍረስን ያወግዛል። በሐምሌ 1964 በካይሮ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ደግሞ በነጻነት ጊዜ የነበሩትን ወሰኖች ሊያከብሩ ቃል ገቡ። ስለዚህ በአፍሪካ «ሕዝብ» ማለት ቅኝ ገዢው ባሰመረው ወሰን ውስጥ የተገኘ ሁሉ ማለት ሆነ።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትም ውሳኔ 1514ን ከደገፉት አንዱ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በኅዳር 1962 የኤርትራን ፌዴሬሽን አፈረሰ። ፌዴሬሽኑም ራሱ በታኅሣሥ 1950 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተቋቋመ ሲሆን የኤርትራ ሕዝብ በቀጥታ ድምፁን ተጠይቆበት አያውቅም። ሲመሠረትም ሲፈርስም ውሳኔው የሌላ ነበር። የኤርትራ ሕዝብ ድምፁን የሰጠው በሚያዝያ 1993 ነው፤ 99.8 በመቶው ነጻነትን መረጠ። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ጦርነት ተደረገ።

5. ቃላቱ በሆዳቸው የያዙት

አሁን ወደ ቃላቱ ሥር እንውረድ። የእንግሊዝኛው «ዲተርሚኔሽን» ከላቲን የመጣ ነው። «ተርሚኑስ» ማለት የወሰን ድንጋይ ማለት ሲሆን ሮማውያን በዚሁ ስም የሚጠራ የወሰን አምላክ ነበራቸው። የሩስያኛው «ሳሞኦፕሬዴሌኒዬ» በውስጡ «ፕሬዴል» የሚለውን ይዟል፤ ትርጉሙ ዳር፣ ወሰን ነው። በዕብራይስጥ ቃሉ «ሃግዳራ ዓጽሚት» ይባላል፤ ሥሩ «ጋዴር»፣ ማለትም አጥር ነው። የእኛም «መወሰን» ከ«ወሰን» ጋር አንድ ሥር አለው። የትግርኛው «ርእሰ ውሳነ»ም እንዲሁ። እርስ በርሳቸው ሳይጠያየቁ አምስት ቋንቋዎች ውሳኔን ከወሰን አዛምደውታል።

ሌሎች ቋንቋዎች ሌላ መንገድ ሄደዋል። በጀርመንኛው ቃል ሆድ ውስጥ ያለው «ሽቲመ» ነው፤ ትርጉሙ ድምፅ ሲሆን በምርጫ የሚሰጠውም ድምፅ በዚሁ ቃል ይጠራል። በቻይንኛ «ዚጁዌ» ሲባል «ጁዌ» የሚለው በመጀመሪያ ትርጉሙ የወንዝን ግድብ ጥሶ ውኃውን መልቀቅ ነው። በኦሮምኛ መወሰን «ሙርቴሱ» ነው፤ ሥሩም መቁረጥ ማለት ነው። ዓረብኛው «ተቅሪር አል-መሲር» ይላል፤ «መሲር» ነገር መጨረሻው የሚደርስበት፣ ፍጻሜ፣ ዕጣ ማለት ነው። ሶማሊኛው «አዮ ካ ታሺ» ሲል ስለ ዕጣ መመካከር ማለቱ ነው።

ሥርወ ቃል ፖለቲካን ይገዛል አንልም። ይህን ለማየት ከሶማሊያ ታሪክ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በቃሉ ውስጥ ምክክር ያለበት ቋንቋ የሚናገረው የሲያድ ባሬ መንግሥት በ1977 እና በ1978 ለኦጋዴን ሶማሌዎች ብሎ በጦር የጠየቀውን መብት በ1988 ሐርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ ለገዛ ዜጎቹ ነፈጋቸው። ነገሩ የቃል ሳይሆን የአገዛዝ መሆኑን ይህ ያሳያል። ያም ሆኖ የቃላቱ ሥር አንድ ነገር ያስታውሰናል፦ ውሳኔ ወሰን ማስመር ብቻ አይደለም፤ ድምፅ መስጠትም፣ መመካከርም ነው። በእኛ አካባቢ ክርክሩ ሁልጊዜ ወደ ወሰን የሮጠው ድምፁና ምክክሩ ስለተረሱ ነው።

6. ቃሉ አማርኛ ሲገባ

የብሔረሰቦች ጥያቄ በተማሪው መካከል በይፋ በተነሣ ጊዜ የተነሣው በእንግሊዝኛ ነው። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1969 «ስትራግል» በተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። በ1971 በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በ19ኛ ጉባኤው ላይ በዚሁ ጥያቄ ሲከፋፈል ሁለቱም ወገኖች በአብዛኛው ይጠቅሱ የነበረው የሌኒንንና የስታሊንን ጽሑፎች የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ስለዚህ ወደ አማርኛ የገባው የትርጉም ትርጉም ነበር። ከጀርመንኛ ወደ ሩስያኛ፣ ከሩስያኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መጣ።

አማርኛው ግን ባዶ ቤት አልነበረም። ቃሉን ሲቀበል የራሱን ታሪክ አለበሰው። አራቱን ክፍሎች ለየብቻ እንያቸው።

«ብሔር»፦ የላቲኑ «ናሲዮ» ከመወለድ የመጣ ነው። የሩስያኛው «ናሮድ»ም በውስጡ ዘርና መወለድ አለበት። የግዕዙ «ብሔር» ግን አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» የምድር ጌታ እንደማለት ነው። ስለዚህ በእኛ ቋንቋ የመብቱ ባለቤት የሆነው ቃል ገና ከመነሻው ሰውን ሳይሆን መሬትን ይጠራል። ስታሊን በ1913 ብሔርን በቋንቋ፣ በግዛት፣ በኢኮኖሚ ኑሮና በሥነ ልቦና አንድነት ተረጎመው። የ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 39ኛ አንቀጽ የኢኮኖሚውን ኑሮ ትቶ በአንድነት ማመንን ጨመረ፤ ተያያዥ መልክዓ ምድርን ግን አልተወም። ለብሔርም፣ ለብሔረሰብም፣ ለሕዝብም የሰጠው ትርጓሜ አንድ ነው። እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ አይቮር ጄኒንግስ በ1956 እንዳሳሰበው፣ ሕዝብ ይወስን ከመባሉ በፊት ሕዝቡ ማን እንደሆነ ሌላ ሰው መወሰን አለበት። በከተማ የተወለደው፣ ከሁለት ብሔረሰብ የተገኘው፣ በሌላው ክልል የሚኖረው ንዑስ ወገን «ራስ»ነቱ በየትኛው በኩል ነው?

«ራስ»፦ በአማርኛ ይህ ቃል ከአንገት በላይ ያለ አካልም ነው፤ የገዛ ማንነትም ነው፤ የመኳንንት ማዕረግም ነው። ጭሰኛው ለዘመናት ዕድሉ «በራስ» ሲወሰን ኖሯል፤ በራሱ ሳይሆን በራስ እገሌ! ቀልድ አይደለም። ከራስ እገሌ በኋላ ሊቀ መንበር እገሌ፣ ከእርሱም በኋላ የግንባሩ ማዕከላዊ ኮሚቴ ተተክተዋል።

«ዕድል»፦ ቃሉ ከ«ዐደለ» ይመጣል። ዕድል የታደለ፣ የተከፈለ ድርሻ ነው፤ የኦሮምኛው «ሂሬ»ም ከማከፋፈል የመጣ ቃል ነው። ሕዝባችን «ዕድሌ ነው» ሲል አዳዩ ሌላ እንደሆነ አምኖ ነው። እንግዲህ ዕድልን በራስ መወሰን ማለት አዳዩን መሻር ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ደረቅ ቃል ይህን አብዮታዊ ሐሳብ አይዝም። በዚህ በኩል አማርኛው ከምንጩ ይልቃል።

«በራስ»፦ ከሁሉም በላይ ልናተኩርበት የሚገባን ይህን ነው። በእንግሊዝኛው «ራስ» አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል፤ ወሳኙም የሚወሰነውም በዚያው ውስጥ ተጠቅልለዋል። አማርኛው ለያቸው። «የራስን» ሲል የዕድሉን ባለቤት ይናገራል፤ «በራስ» ሲል ደግሞ የውሳኔውን አድራጊ ይናገራል። አንድ ሕዝብ የራሱ የሆነ ዕድል ቢሰጠውና የሰጠው ሌላ ቢሆን መብቱ ግማሹ ጎደለ ማለት ነው።

7. ከ1968 እስከ 1987 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ

ወታደራዊው ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት አውቄአለሁ አለ። ከዚያው አያይዞ ግን መብቱን በክልል ራስን ወደ ማስተዳደር አወረደው። የሎንዶኑ የ1896 ትርጉም አዲስ አበባ ላይ ተደገመ ያልነው ይህንን ነው። ልዩነቱ ሎንዶን ላይ ቃሉ ተቀይሮ ትርጉሙ ጠበበ፤ አዲስ አበባ ላይ ቃሉ ሳይቀየር ትርጉሙ ጠበበ። ያም የጠበበው ሥራ ላይ ሳይውል አሥር ዓመት አለፈ። በ1987 አምስት ራስ ገዝ ክልሎች በወረቀት ላይ ተሰየሙ፤ በዚያን ጊዜ ግን ጥያቄው ከተረቀቀ አዋጅ ወደ ምሽግ ከወረደ ቆይቶ ነበር።

በሐምሌ 1983 ዓ.ም. የወጣው የሽግግር ቻርተር መብቱን እስከ ነጻነት አደረሰው፤ ነገር ግን ሌሎቹ መብቶች ተረገጡ ተብሎ ሲታመን የሚል ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። በነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሁኔታውን አነሣና መብቱን ያለ ገደብ አደረገው። ለአፈጻጸሙ ግን ሥርዓት አበጀ፤ በምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ፣ የንብረት ክፍፍል። ሕገ መንግሥቱ ከወጣ ወዲህ በዚህ ሥርዓት የተለየ አንድም ብሔር የለም።

እዚህም የትርጉም ጉዳይ አለ። እንግሊዝኛው ቅጂ መብቱ መገንጠልን «ይጨምራል» ሲል አማርኛው «እስከ» ይላል፤ በ106ኛው አንቀጽ መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። «ይጨምራል» ስንል መገንጠል በአንድ ቅርጫት ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። «እስከ» ስንል ግን መንገድ አለ፤ በመንገዱም ላይ ማረፊያዎች አሉ፤ በቋንቋ መማርና መጻፍ፣ ባህልንና ታሪክን መጠበቅ፣ ራስን ማስተዳደር፣ በማዕከላዊው መንግሥት ውስጥ በሚገባ መወከል። ክርክራችን ግን ከመነሻው ተነሥቶ ማረፊያዎቹን ሁሉ ዘሎ በመጨረሻው ላይ ብቻ ይቆማል። አንዱ «መገንጠል» የሚለውን ቃል ሲሰማ ይቆጣል፤ ሌላው ሲሰማ ይደሰታል። ቃሉ ራሱም የዋዛ አይደለም። የላቲኑ «ሴሴሲዮ» ገለል ማለት ነው። የሮማ ተራ ሕዝብ በ494 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተማውን ጥሎ ወደ ተራራ የወጣው ለመብቱ ለመደራደር ነበር፤ የራሱ ጠበቃ የሆኑ ሹማምንት ሲፈቀዱለት ተመለሰ። የአማርኛው «መገንጠል» ግን ቅርንጫፍን ከግንዱ፣ በርን ከማጠፊያው ነቅሎ ማላቀቅ ነው። ቁስል አለበት፤ መመለሻም የለውም። ደርግ «ገንጣይ አስገንጣይ» እያለ ሲረግም ይህን የቃሉን ስሜት በሚገባ ተጠቅሞበታል።

ሥራ ላይ የዋለው ምን ይመስላል? የሕገ መንግሥት ጉባኤው በ1994 ሲመረጥ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ድርጅቶች በምርጫው አልነበሩም። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2018 የክልልነት ጥያቄ አቅርቦ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው የአንድ ዓመት ጊዜ ያለ ሕዝበ ውሳኔ አለፈ። በሐምሌ 2019 በተነሣው ሁከት የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በኅዳር 2019 ሕዝቡ በተጠየቀ ጊዜ 98.5 በመቶው ክልል መሆንን መረጠ። ጥያቄው በምርጫ ሳጥን ሊመለስ የሚችል ሆኖ ሳለ መልሱ የዘገየበት ጊዜ በሰው ሕይወት ተከፈለ። ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 የተካሄደው የትግራይ ጦርነትም ስለ ምርጫና ስለ ሥልጣን በተነሣ ክርክር ተጀምሮ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በየምዕራፉ ስሙ የተጠራው ሕዝብ ነው፤ የወሰነው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘውን ባጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቃሉ አንድ ጊዜ ተወስኖ ያለቀ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። ኃይል ያለው ወገን ሊያጠብበው ሲፈልግ «ራስን ማስተዳደር» ይለዋል፣ «መርሕ» ይለዋል፣ «ለአውሮፓ» ይለዋል። ያሰፋው ሁልጊዜ የተጨቆኑት ትግል ነው። ስለዚህ «ከውጭ የመጣ ቃል ነው» ብሎ መጣል ታሪኩን አለማወቅ ነው፤ ኮሪያዊው፣ ግብፃዊውና ቬትናማዊውም ከውጭ በመጣ ቃል የገዛ ጥያቄአቸውን ጠይቀውበታል።

ሁለተኛ፣ መብቱን መቀበልና መለየትን መደገፍ አንድ አይደሉም። መብቱን የሚነፍግ ሁሉ አንድነትን አያድንም፤ ከ1962 እስከ 1991 በኤርትራ የሆነው ይህን አስተምሮናል። መብቱን በአፉ የሚያውጅ ሁሉ ደግሞ ሕዝብን ነጻ አያወጣም።

ሦስተኛና ዋናው፣ ክርክራችን እስካሁን «እስከ የት?» በሚለው ላይ ሲሽከረከር «በማን?» የሚለውን ረስቷል። የአማርኛው አባባል ግን መልሱን ከመካከሉ ይዞታል፤ «በራስ»። ነጻ የመናገር፣ የመደራጀት፣ የመምረጥና የመቃወም መብት በሌለበት ሕዝብ በራሱ ሊወስን አይችልም። ወታደር ወይም ግንባር ወስኖለት «የራስህ ዕድል ነው» ይባላል እንጂ። በብሔሩ ውስጥ ያለው ጭቁን ገበሬ፣ ሴቷ፣ ንዑሱ ወገን ካልተጠየቀ «ራስ» የሚባለው ያው የጥንቱ ራስ እገሌ ነው።

አንባቢዎቻችን በየቋንቋቸው ይህ አባባል እንዴት እንደሚነገርና ምን እንደሚያስታውሳቸው ጽፈው ክርክሩን እንዲያዳብሩት እንጠይቃለን። ቃሉን የተረጎሙልን ምሁራን ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመጨረሻውን ትርጉም የሚሰጠው ግን ሕዝቡ ነው።

መብቱ የሕዝብ ነው፤ ውሳኔውም የሕዝብ ይሁን!